ነፋስ የተፈቀደለት ክር

ጥቅምት ፪ ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ በሰው አገር ክር ለምትሠሪው፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደኅና ሁኚልኝ። እኔም ሆንሁ ትልቋ አክስትሽ፣ ፈጣሪ ይመስገንና፣ ከእኔ ጉልበት ቁርጥማትና ከእሷ ምላስ በቀር የሚያስቸግረን ነገር የለም።

የሐኪም ክር በሚሠራበት ፋብሪካ መቀጠርሽን የገለጽሽበት ደብዳቤ ደርሶኛል። የተቀደደ ገላ የሚሰፋበት ክር ከእኔ ጠረጴዛ ሥር ፊደል ከቆጠረች ልጅ እጅ ይወጣል ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬአለሁ። መኩራት ነውር እንደሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን በራስ መኩራት ሌላ፣ ባሳደጉት መኩራት ሌላ ነው። ስለዚህ አደራሽን አታሳፍሪኝ።

የጥረዛው ሥራ እንደ ቀድሞው ነው። አሁን በእጄ ያለው የቤተ መጻሕፍቱ ትልቁ መዝገበ ቃላት ሲሆን፣ ወገቡ ተሰንጥቆ ቅጠሉ እንደ ሰነፍ ተማሪ ተበትኗል። በጥጥ ክር ሁለት ጊዜ ብሰፋው ክብደቱ በጠሰው። ከምትሠሩት ክር ቁራጭ የሚጣል ካለ፣ አስፈቅደሽ ላኪልኝ። ሳታስፈቅጂ ግን አንዲት ስንዝር እንዳትነኪ።

ከዚህ ጋር የእናትሽን ግራጫ የሱፍ ሻል ልኬልሻለሁ። እስከ ዛሬ በሣጥን አኑሬው ነበር። ለምን እንደላክሁት ታውቂዋለሽ። ሐኪሞቹ የሳንባ ሕመም ቢሉትም፣ እናትሽን የወሰደብን በዚያ በመስኮቱ የገባው ነፋስ ነው፤ መስኮቱንም በገዛ እጄ በምስማር መትቼ ዘግቼዋለሁ። ስትሄጂ እጅሽን በእጄ ላይ ጭነሽ «ነፋስ ባለበት አልቀመጥም» ብለሽ ቃል ገብተሽልኛል። ችኩሌ ብዬ ያወጣሁልሽ ስም ለእግርሽ እንጂ ለቃልሽ አይሁን።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ነፋስ ይሰውርሽ።

ቃል የማይረሳው አጎትሽ፣ ጠራዡ


ኅዳር 6

ለተከበሩ አጎቴ፣ ፊደልንም ምግባርንም ላስቆጠሩኝ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ለእትዬ እጅ ነሥታለች ይበሉልኝ፤ ምላሷ መቼም ጤነኛ ለመሆኑ አልጠራጠርም።

ሻሉ ደርሶኛል። ጥቅሉን ስፈታው የእናቴ ሽታ ያለበት መስሎኝ አፍንጫዬን ቀበርኩበት፤ የሸተተኝ ግን የእርስዎ ሙጫ ነው። ቢሆንም አልቅሼ ስቄአለሁ።

ስለ ሥራዬ በዝርዝር ልጻፍልዎ፤ እነሆ። ከላይ አንድ የጋለ የብረት ማሰሮ አለ። ሩዝ የመሰለ የፕላስቲክ ፍሬ እንጨምርበታለን፤ ይቀልጣል። ከሥሩ ወንፊት የመሰለ ወፍራም ብረት አለ፤ ቅላጩ በቀዳዳዎቹ ተገፍቶ ይወርዳል። ማር ከማንኪያ ሲንጠባጠብ ሳይሆን፣ ሳይቆረጥ ሲወርድ አይተው የለም? ልክ እንደዚያ ነው። ከታች ደግሞ ጎማ የሚያህል መዘውር በፍጥነት እየሳበ ያጠነጥነዋል። በቀዳዳውና በመዘውሩ መካከል ያለው ቦታ አንድ ሰው ቢቆም የሚሞላው ነው። ቅላጩ በዚያች መንገድ ቀጥኖ፣ ደርቆ፣ ክር ሆኖ መድረስ አለበት። ሲሳካ ከጠጉር የቀጠነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክር ይሆናል። ሳየው መዋል አይሰለቸኝም።

የተቀመጥኩበት ቦታ ብቻ ትንሽ ያስቸግር ነበር። ከወንበሬ በስተኋላ ግድግዳው ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፤ ከዚያ የሚወጣው ነፋስ ማጅራቴን እየገረፈ ያልፋል። እኔም ለእርስዎ የገባሁት ቃል እያቃጨለብኝ አንገቴን እንደ ኤሊ ሰብስቤ እሠራ ነበር። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያው ክሬ ንጹሕ ነበረ፤ ሹማችን፣ ቁመቱ በር የሚሞላ ሰው፣ «የዚች ልጅ እጅ ክር ያውቃል» ብሎ አመሰገነኝ። ሻሉ ሲደርሰኝ ግን ወዲያው ፍርግርጉ ላይ እንደ መጋረጃ ሰቀልኩት። አሁን ጀርባዬ ሞቋል፤ ቃሌም ተጠብቋል፤ ያሉኝን ስለፈጸምኩ ደስ ይበልዎ።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ከሰሞኑ ክሩ ጠባዩን ለውጧል። ለስላሳ ሆኖ ይወርድና መዘውሩ ጋ ሲደርስ መላ አካሉ ላይ ጠብታ ጠብታ ያወጣል፤ ዶቃ የተሰካበት ይመስላል። ምን እንደነካው እንጃ። ሹሙን አስፈቅጄ ከተጣለው ጥቂት ልኬልዎታለሁ። መዝገበ ቃላቱን ለመስፋት ይበቃ እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ።

ልጅዎ፣ ችኩሌ


ኅዳር ፳፰ ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከጠፈር ይሰፋል፤ ወቀሳዬ ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው።

ክርሽ ደርሶኝ በማጉያ መነጽር አየሁት። ጠብታው በልክ በልክ ተራርቆ መቀመጡን ሳላደንቅ አልቀረሁም። ይሁን እንጂ መዝገበ ቃላቱን ልሰፋበት ብሞክር የመጀመሪያው ዶቃ ቀዳዳው ላይ ተቀርቅሮ ወረቀቱን ቀደደው። ወረቀት የቀደደ ክር ገላን ምን ሊያደርግ ነው? አስቢው። ሕመምተኛው ለሐኪሙ «ቀስ በል» ሲል አይሰማሽም?

ምክንያቱን ላስረዳሽ። እሳት አብዝተሻል። ቸኩለሻል። የጋለ ሰው ቃሉ እንደሚንጠባጠብ ሁሉ የጋለ ቅላጭም ይንጠባጠባል። እሳቱን ቀንሺ፤ ከዚያ ታርቂዋለሽ።

አሁን ደግሞ የቤቱን ጉድ ስሚ። አክስትሽ ክሩን ከመነጽሬ ሥር መንትፋ ወደ ብርሃን አነሣችው።

«ውይ በሞትኩት! ዶቃ በክር ላይ በቅሎ!»

«እትዬ፣ ይህ ጉድለት ነው፤ መልሺ» አልኋት።

«ጉድለት እንዲህ ካማረ የእኔንስ ጉድለት ምነው ስታየው ፊትህ የሚጠቁር?»

ወዲያው ፊት ለፊታችን ወዳለችው ልብስ ሰፊ ይዛው ተሻገረች። ልብስ ሰፊዋ የጎረቤታችንን ሙሽራ የራስ መሸፈኛ እየሰፋች ነበርና ዶቃውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች አሉ። በዳሩ ዙሪያ ሰፍታው ሙሽራዪቱ አልቅሳለች፤ የደስታ ነው። አሁን ልብስ ሰፊዋ በየጠዋቱ በራፌ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ያቺ የተባረከች ልጅ ሌላ አልላከችም? ግማሹ ባዶውን ቀርቷል እኮ» ትለኛለች።

እኔ በዚህ ጉዳይ እጄን ታጥቤአለሁ። ጉድለትን ጌጥ ብሎ የሚጠራ ሰው ነገ ውሸትን ተረት፣ ስርቆትን ብልሃት ይለዋል። የአክስትሽን ልመና በዚህ ደብዳቤ የጻፍሁት በላዬ ቆማ ስላስገደደችኝ ብቻ ነው፦ ሌላ ጥቅል ላኪ ትልሻለች። የእኔ ቃል ግን፦ ንጹሑን ክር ሥሪ።

ሻሉን ስለሰቀልሽ ተባረኪ። አንጀቴ ራሰ።

አጎትሽ፣ ጠራዡ


ታኅሣሥ 24

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የምጽፈው ደስ የሚል ነገር እስካገኝ ስጠብቅ ነው የቆየሁት፤ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ያለውን እጽፋለሁ።

እንዳሉኝ እሳቱን ቀነስኩ። ዶቃው ጠፋ፤ ክሩም አብሮ ጠፋ። ቅላጩ ወፍሮ፣ ገትሮ፣ መዘውሩ ሲስበው እንደ ደረቀ ሊጥ እየተበጠሰ አስቸገረኝ። እሳቱን ስጨምር እንደ ልቤ ይቀጥናል፤ ግን ዶቃው ይመለሳል። በሁለቱ መካከል የሚያስማማ ቦታ አለ ብዬ ስፈልግ ሰነበትኩ። የለም።

የማሽኑን ነገር የሚያውቁት መሐንዲስ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ፈሳሽ ሁሉ፣ ውሃም ይሁን ቅላጭ፣ ፊቱ ላይ የማይታይ ስስ ቆዳ የለበሰ ያህል ነው። ያ ቆዳ ስስታም ነው፤ ሁሌም ወደ ራሱ መሰብሰብ፣ መድቦልቦል ይወዳል። ቀጭን ጅረት ሲያገኝ እየጨመቀ ወደ ጠብታ ይቆራርጠዋል። ቅላጩ ወፍራም ሲሆን ቆዳው ቶሎ አያሸንፈውም። ሙቀት ግን ቅላጩን በጣም ያሳሳዋል፤ ቆዳውን የሚያደክመው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ በሞቀ ቅላጭ ላይ ቆዳው ይነግሣል። «ታዲያ ሌሎቹ ማሽኖች ላይ ለምን አይነግሥም?» ብላቸው ራሳቸውን አከኩ።

ሹሙም ከላይ እስከ ታች መረመረ። ማሰሮውን አየ፤ ወንፊቱን አስጠረገ፤ መዘውሩን በጣቱ አዞረ። የእናቴ ሻል ፊት ሲደርስ ግን ቆብ አውልቆ ጥቂት ቆመና ሳይነካው ተመለሰ። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ከዚያ በትሕትና፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «እስከ ጥር መጨረሻ ንጹሕ ክር ካልወጣ ወደ ማሸጊያ ክፍል ብትዛወሪ ይሻላል» አለኝ።

ካርቶን ማጣበቅ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ሥራ ክቡር ነው ብለው አሳድገውኛል። ግን ክሩን ወድጄዋለሁ፣ አጎቴ። ከእጄ እንዳይሄድ እፈራለሁ።

ለእትዬ አንድ ጥቅል ባለ ዶቃ ክር ልኬአለሁ። እኔ የማለቅስበት ነገር እዚያ አንዲት ሙሽራን ካሳመረ ይሁን። ብቻ ልብስ ሰፊዋ እንዳትለምደው።

እቅፍ በመሰለው ሻል ተከልላ የምትሠራው ልጅዎ፣ ችኩሌ


ጥር ፲፮ ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታን አሳጥሬ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ፤ ልማዴ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሙጫ አሙቄ የአንድ መጽሐፍ ጀርባ እቀባ ነበር። ድስቱ ከወትሮው በላይ ግሎ ስለነበር ብሩሹን ባነሣሁ ቁጥር ከጫፉ የሚወርደው ሙጫ እየቀጠነ፣ መሐል ላይ እየተቋጠረ፣ ጠብታ ጠብታ እየሆነ በጠረጴዛዬ ላይ ይዘራ ጀመር። «እነሆ የችኩሌ ዶቃ!» ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ክፍሉ እንደምታውቂው ታፍኗል፤ መስኮቱም በምስማር እንደተመታ ነው።

በዚህ መካከል አክስትሽ በሩን በርግዳ ገባች።

«ሰውዬ፣ በሙጫ ጢስ ልትሞት ነው? ከሞትክስ እኔ ከማን ጋር ልጣላ?»

«ዝጊው! ነፋስ ይገባል!»

«ይግባ! እሱም እንደ እኔ ናፍቆህ ነው!» ብላ በሩ ሥር ጡብ ወትፋበት ወጣች።

ልነሣ ስል ብሩሹን በእጄ እንዳንጠለጠልሁ ነበርሁ። ነፋሱ በጠረጴዛው ላይ አለፈ። የሙጫዋ ጅረት፣ ያቺው የጋለች፣ ያቺው የቀጠነች፣ ጠብታ ሳታወጣ ባለችበት ጸናች። በጣቴ ነካኋት፤ ክር ሆናለች። ጡቡን አንሥቼ በሩን ዘጋሁና እንደገና ሞከርሁ፤ ዶቃ። ከፈትሁ፤ ክር። አክስትሽ ተመልሳ ስትመጣ በር ስከፍትና ስዘጋ አግኝታኝ «ያዘው እንግዲህ» አለች።

እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። ነገሩ ገብቶኛል። ጅረቱ ሲወርድ በቆዳውና በጊዜ መካከል እሽቅድምድም አለ። ቆዳው ሰብስቦ ዶቃ ሳያደርገው ነፋስ ደርሶ ካደረቀው ክር ይሆናል፤ ነፋስ ከዘገየ ቆዳው ያሸንፋል። ሙቀት ብቻውን ጠላት አልነበረም።

አሁን ጥያቄ አለኝ። ያ በግድግዳው ላይ ያለው ፍርግርግ፣ ነፋሱን ወደ ማጅራትሽ ነው የሚልከው ወይስ በአንቺ አልፎ ወደ ክሩ? እኔ የላክሁልሽ ሻልስ የፍርግርጉን አፍ ሙሉ በሙሉ ዘግቶታል?

ቶሎ መልሺልኝ። ፖስታው ሳይሄድ ልድረስበት ብዬ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

አጎትሽ


ጥር 18

ለተከበሩ አጎቴ፤

እልል ይበሉ! እትዬም ትበል! ክሩ ጠራ!

ከቀዳዳው እስከ መዘውሩ አንዲት ጠብታ የለችበትም። ሹሙ በጣቶቹ መካከል አሳልፎት «ይሄ ነው!» ብሎ ማሽኑን በመዳፉ መታ፤ ማሽን የሚመታው ሲደሰት ብቻ ነው ይላሉ። የማሸጊያ ክፍሉ ነገር እንዲቀር ሆኗል።

ምክንያቱ ቀላል ነገር ነበር። ከማሽኑ አጠገብ አንድ የማይሆን ቦታ የተቀመጠ ነገር ነበረ፤ አነሣሁት፤ በቃ። ዝርዝሩ አሰልቺ ስለሆነ አላደክምዎትም።

ሻሉ ደኅና ነው። የማሽን ዘይት ስለነካው አጥቤ ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ እንዳይበላሽ ብዬ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልለምንዎ፦ ለአንገት የሚጠመጠም፣ ጠበብ ያለ ነገር እትዬ ብትሰፋልኝ ምናለ? ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ እንዲሁ አምሮኝ ነው።

በሚቀጥለው ንጹሑን ክር እልክልዎታለሁ።

ልጅዎ፣ ችኩሌ


የካቲት 10

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የእርስዎን ሳነብ ፊቴ ጋለ፤ ቆዳዬም ተሰበሰበ። ዝርዝሩ አሰልቺ ነው ብዬ ነበር። አልነበረም። ልነግርዎ ፈርቼ ነው።

ሻሉን ለማጠብ አውርጄው ወደ ቤት ወሰድኩት። በማግስቱ ክሩ ጠርቶ ወረደ። ደንግጬ፣ ደርቆ ሲመለስ እንደገና ሰቀልኩት፤ ዶቃ ሆነ። አወረድኩት፤ ጠራ። ያ ነፋስ እኔን ሊገርፍ አልነበረም የመጣው፤ በትከሻዬ አልፎ ወደ ክሩ የሚሄድ፣ ክሩን እንዲያደርቅ የተመደበ ነፋስ ነው። እኔ ደግሞ በእናቴ ሻል አፉን አፍኜዋለሁ።

ሹሙን ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ ነፋሱን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታውቃለህ? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ቆቡን አወለቀ። «የአገርሽ ሥርዓት መስሎኝ ነው። ለሟች ይሆናል፣ ለጸሎት ይሆናል አልን። ማን ይነካዋል? ለሠራተኛው ሁሉ 'እዚያ ጋ ስታልፉ ድምፃችሁን ቀንሱ' ብያለሁ።»

እውነቱን ነው፣ አጎቴ! እኔ በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፃቸውን ሲቀንሱ አይቼ ተከፍተውብኝ ነው ብዬ ሳዝን፣ እነሱ ለካ ለሻሌ ክብር ሲሉ በእግራቸው ጣት ነበር የሚያልፉት። መሐንዲሱ እንኳ ቀና ብለው አያዩትም ነበር። «የብርድ መከላከያ ነው» ስለው ሹሙ ቆቡን መልሶ ደፋና ሳቁ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ተሰማ።

አሁን ግን የማልስቅበት ነገር አለ። በየቀኑ ነፋስ ላይ እየተቀመጥኩ ነው። እጅዎ ላይ እጄን ጭኜ የገባሁትን ቃል እያፈረስኩ ክር እሠራለሁ። ክሩ በጠራ ቁጥር ቃሌ ይደፈርሳል። ሳልነግርዎ ልሠራ ሞከርኩ፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና አልሆነልኝም። ስለዚህ ፍርዱን ይስጡኝ። ማሸጊያ ክፍሉ ነፋስ የለበትም። ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ፤ ቅርም አይለኝም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

ከዚህ ጋር ንጹሑን ክር ልኬአለሁ፤ ሹሙ ራሱ ነው የጠቀለለው።

መልስዎን የምትጠብቅ ልጅዎ


መጋቢት ፳፪ ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለባለ ንጹሑ ክር፤

ጤናሽ እንደ ክርሽ የጠራ ይሁን።

ስለ ዘገየሁ ተቆጥቶ ነው ብለሽ እንዳትጨነቂ። ምስማር ስነቅል ነው። የእናትሽን መስኮት በመታሁት ጊዜ ልቤ ቆስሎ ስለነበር አብዝቼዋለሁ፤ ዝገቱ ደግሞ ከእንጨቱ ጋር ተዋሕዷል። አንዱን ነቅዬ እቀመጣለሁ፤ ጥቂት አስባለሁ፤ ሌላውን እጀምራለሁ። የመጨረሻው ሲወጣ አክስትሽ ጉጠቱን ከእጄ ተቀብላ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችኝ።

«ትኩሳት የለህም» አለች።

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ነካህ?»

«ነፋስ» አልኋት። እሷም ጉጠቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መስኮቱ ሥር፣ እናትሽ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። እኔም የተነቀሉትን ምስማሮች ለቀምሁ።

አሁን ፍርዴን ስሚ፤ ይህንንም ስሕተትን እንደ ማመን አትቁጠሪው፤ ሕግን ማሟላት ነውና። ያስገባሁሽ ቃል ነፋስ ላይ እንዳትቀመጪ ነበር። ቃል ያስገባ ሰው ቃሉን ሊፈታ ሥልጣን አለው፤ እኔም ፈትቼሻለሁ። ለክር ነፋስ አይከለከልም፤ ክር ለምትሠራም እንዲሁ። አክስትሽ የአንገትሽን ሰፍታዋለች፤ ልኬልሻለሁ፤ እሱን ጠምጥመሽ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ። ወደ ማሸጊያ ክፍል እንዳትሄጂ።

ከሙጫዬ አንድ ትምህርት አግኝቻለሁና ለአንቺም ላካፍልሽ። ልጅን ማሞቅ ግድ ነው፤ ያልሞቀ አይሳብም፤ ሲስቡት ይበጠሳል። ነገር ግን አሙቆ አሙቆ ነፋስ የሚከለክል ሰው ልጁን ወደ ራሱ ብቻ የሚሰበስብ ቆዳ ይሆንበታል፤ የሚያወጣውም ዶቃ ነው፤ ያምራል፣ ግን አይሰፋም። በጊዜው ነፋስ የነካው ይጸናል። እናትሽ ይህን ታውቅ ነበር መሰለኝ፤ መስኮቱን ዘወትር የምትከፍተው እሷ ነበረች።

መዝገበ ቃላቱን በክርሽ ሰፋሁት። በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ በአንድ ቅጠል አንጠለጠልሁት፤ አልተበጠሰም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «ይህ ክር ከየት መጣ?» ቢለኝ፣ መኩራት ነውር መሆኑን እያወቅሁ፣ እስኪሰለቸው ድረስ ነገርሁት።

አንድ ነገር ቀረ። ልብስ ሰፊዋ የላክሽውን ጥቅል ጨርሳ ሌሎች ሙሽሮች ተሰልፈውባታል፤ በራፌን በማንኳኳት ልታፈርሰው ነው። ጉዳዩን መርምሬዋለሁ። ሳያውቁት የወጣ ዶቃ ጉድለት ነው፤ አውቀውና አስፈቅደው ያወጡት ዶቃ ግን ጌጥ ነው፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። ስለዚህ ሹምሽ ከፈቀደ፣ ለሐኪም የሚሆነው ክር ከተጠናቀቀ በኋላ፣ የእናትሽን ሻል ከሣጥን አውጥተሽ ለጥቂት ጊዜ ፍርግርጉ ላይ ስቀዪው። ሠራተኞቹ ድምፃቸውን ቢቀንሱም አትከልክያቸው፤ ለእናትሽ አይበዛባትም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት መስኮቱ ተከፍቶ ነው። ወረቀቱ እየተነሣ ስላስቸገረኝ በሙጫው ድስት ጫንሁት፤ ጠርዙ ላይ ያለው ክብ ምልክት የእሱ ነው። አንገቴን ጠምጥሜአለሁ።

አጎትሽ፣ ጠራዡ